ከፉሉ ሥር የተኛው አንበሳ

ሳህን የተሠራው ሊበላበት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ደገኞች ናችሁ ማለት ነው። አልቀየማችሁም። አባቴም ደገኛ ነው፤ ቀስ በቀስ ለምዶታል። ለእኛ ለመተማዎች ግን ሳህን ሁለት ዓይነት ነው። የመብያው የቆርቆሮ ነው፤ ሲወድቅ ይጮሃል፣ ሲላጥ ይዝጋል፣ ማንም ዞር ብሎ አያዝንለትም። የሸክላው ደግሞ የግድግዳ ነው። በቀጭን ሽቦ ማንጠልጠያ ይሠራለትና እንደ ፎቶግራፍ ይሰቀላል፤ ምግብ የሚባል ነገር ሳይነካው፣ አቧራው በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ እየተነሳለት፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ የተሻለ ኑሮ ይኖራል።

አምና ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ውሃ ሊለምን ገብቶ፣ ጣሳውን እንደያዘ ግድግዳችንን ሲያይ ቆየና እናቴን፣ "እትዬ፣ ድመቱ እንዳይልሰው ነው እንዲህ አርቀው የሰቀሉት?" አላት። እናቴ እስከ ዛሬ እያነሳችው ትስቃለች። እኔ ግን ከልቤ ተቀይሜው ነበር፤ ሳህኖቹ የእኔ ናቸዋ።

የእኔ ስል፣ ግድግዳው የእናቴ ነው። ቤቱ የክሊኒኩ ነው፤ አባቴ ድሬሰር ስለሆነ የተሰጠን ነው። መሬቱ እንደምታውቁት የሰፊው ሕዝብ ነው። ሳህኖቹ ግን የእኔ ናቸው።

ደግሞ ዝም ብለው ሳህን አይደሉም። እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ የተረት ሥዕል አላቸው። አንደኛው ላይ ከራሱ የሚበልጥ ዓሣ የሚጎትት ሽማግሌ አለ። ሌላው ላይ አህያ ዛፍ ላይ ወጥታ ጨረቃን ልትነክስ ትንጠራራለች። አንዱ ላይ ደግሞ ፍየል በር ታንኳኳለች፤ ከበሩ ኋላ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጭራ ብቅ ብሏል። ከሥራቸው የተጻፈውን ጽሑፍ መተማ ውስጥ የሚያነበው ሰው የለም። ፋብሪካው ሥዕሉን ልኮ ተረቱን አስቀርቶታል። ስለዚህ ተረቱን የምሞላው እኔ ነኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብለው ካነበቡልኝ ወዲህማ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ተረት የሌለው ዕቃ ሳይ ያሳዝነኛል። የፍየሏን ተረት ስንቴ እንደቀየርኩት አልነግራችሁም። ጭራው መጀመሪያ የጅብ ነበር፣ በኋላ የባሏ ሆነ፣ አሁን የቤት አከራይዋ ነው። አከራይ በአዋጅ ስለቀረ እሱንም መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ሳህኖቹን የሚያመጡልኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው። እትዬ ዘሃራ ወዲህ መተማ ሻይ ቤት አላቸው፣ ወዲያ ሱዳን ውስጥ ገላባት እህት አለቻቸው፣ መሐል ላይ ምን እንዳላቸው ግን አይጠየቅም። ድንበር መኖሩን የሚያምኑት በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። በበጋ አህያቸው ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ትመለሳለች ይባላል። ሳህን ሲያሻግሩ በፍራሽ መሐል ጠቅልለው ስለሆነ፣ ሳህኖቼ ሁሉ መጀመሪያ ሲመጡ ፂማቸው ጥጥ ነው።

ዘንድሮ ሰሊጡ ተሰብስቦ ባበቃ ሰሞን በዐረብኛቸው አንቺ ልጅ ብለው ጠሩኝና፣ "ያ ቢንት፣ ነይ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ። ጨፈንኩ። ስገልጠው አንበሳ ነበር።

ዋሻ ውስጥ፣ አልጋ ላይ ተኝቷል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቦለታል፤ ጎፈሬው ትራሱን ሞልቶታል፤ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ ደፍቷል። ከዋሻው ደጅ ጀምሮ እስከ ሳህኑ ጠርዝ ድረስ እንስሳቱ ተሰልፈዋል፤ በግ ቅርጫት ይዛ፣ አህያ እንስራ ተሸክማ፣ ዝይ አበባ በአፏ ነክሳ። ዳር ላይ አንዲት ቀበሮ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። በሥዕሉ መሬት ላይ የቀለም ፍንጣሪ የመሰሉ ጥቃቅን ነጥቦች ስላየሁ፣ "ትንሽ ተበላሽቷል" ብዬ በዋጋው ልከራከር ሞክሬ ነበር። እትዬ ዘሃራ ሰሙኝና ሳቁ። እሳቸው ከእኔ የሚፈልጉት ገንዘብ ሳይሆን ዓይን ነው፤ ሰሊጥ አስለቀሙኝ። ለቀምኩ፣ ለቀምኩ፣ በመጨረሻ ማታ ማታ ሰማዩ ራሱ ያልተበጠረ ይመስለኝ ጀመር።

ተረቱን እዚያው ሰሊጡ ላይ ጨረስኩት። የአንበሳው ሠርግ ነው። ሙሽራው እንቅልፍ ጥሎት ገና አልተነሳም፤ ሚዜዎቹ ደጅ ቆመው ይጠብቁታል። ቀበሮዋ ያቀረቀረችው ድሮ እሷን ሊያገባት ቃል ገብቶላት ስለነበር ነው። ዘውዱንስ አላየሽውም ትሉኝ ይሆናል። አይቼዋለሁ እንጂ። ግን እኔ ነገር መለየት የጀመርኩት ዘውድ ከገንዘቡም ከማኅተሙም ላይ ከወረደ በኋላ ነው። ለእኔ ዘውድ ማለት እንደ ምትሃት ቀለበት፣ ተረት ውስጥ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ነው።

ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤት ስደርስ እናቴ ለሙቀቱ ብላ ግቢውን ውሃ ረጭታ መጥረጓን እየጨረሰች ነበር። "በዳር በዳር እለፊ፤ እርጥቡን እንዳትረግጪብኝ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በዳር በዳር አለፍኩና አንበሳዬን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው እምብርት ላይ ሰቀልኩት። አህያዋንና ዓሣ አጥማጁን ወደ ጎን ገፋኋቸው። እንግዳ ገና ከደጅ ሲገባ የሚያየው አንበሳውን እንዲሆን አስቤ ነው። አሳቤ እንዴት እንደተሳካ አሁን ትሰማላችሁ።

አባቴ ለምሳ መጣ። እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ፣ ውሃ በጣሳ ይዞ፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል ተቀመጠ። ከዚያ ቀና አለ። ጣሳው አፉ ላይ ቀረ።

"ያ ምንድን ነው?"

"አንበሳ ነው፣ አባዬ። ሙሽራ ነው።"

"ራሱ ላይ ያለውን ነው የምጠይቅሽ።"

"ዘውድ።"

አባቴ ጣሳውን እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። "በሩን ዝጉት" አለ።

"በዚህ ሙቀት?" አለች እናቴ ከጓዳ፤ ለምሳ ፉል እየደቆሰች ነበር። ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች፤ አባቴ ወደሚያይበት አየች፤ ከዚያ ሄዳ ራሷ ዘጋችው።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ዘውድ የጫነ አንበሳ የድሮው መንግሥት ምልክት ነው። በየማኅተሙ፣ በየአውቶቡሱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነበር፤ ዛሬ የትም የለም፤ ማለትም እኛ ግድግዳ ላይ ካልሆነ በቀር የትም የለም። "ሸሕዲ ላይ አንዱ ሰውዬ የድሮ ካላንደር ግድግዳው ላይ ረስቶ ስንት ጊዜ ታስሮ እንደወጣ ረሳሽው? እኔ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በመንግሥት ቤት ግድግዳ ላይ ንጉሥ አስተኝተሽልኛል።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እግሬ ቀዘቀዘ፤ መተማ ላይ እግር ሲቀዘቅዝ ቀላል ነገር አይደለም።

"ዘውዱን እንፋቀው" አለ አባቴና የምላጭ ወረቀት ቀደደ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለውጡ የመጣ ጊዜ ከክሊኒኩ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ ከሕፃናቱ ሚዛን፣ ከአልጋዎቹ ብረት ላይ ሳይቀር ዘውድ በምላጭ የፋቀው እሱ ነው። በአውራጃችን ዘውድ በማውረድ የእሱን ያህል የሠራ ያለ አይመስለኝም፤ ደርግ ራሱ ያወረደው አንድ ነው። ስለዚህ በልበ ሙሉነት ጀመረ። ግን የቁም ሣጥን ቀለም ሌላ፣ የሸክላ ቀለም ሌላ። ሥዕሉ የተነከረው ሸክላውን ከሸፈነው መስታወት መሰል ልባስ ሥር ነው። ምላጩ ይንሸራተታል፣ ይንጫጫል፤ ዘውዱ ንቅንቅ አላለም። ምላጩ ተሰበረ። ሌላ ቀደደ፤ እሱም ተሰበረ።

"አምጣው ወዲህ" አለች እናቴ። በአመድና በሎሚ ፈተገችው፣ ፈተገችው። ወርቅ በአመድ እንደሚጠራ ረስታው ነው። ዘውዱ ከቅድሙ ይበልጥ አበራ፤ አሁን ከመንገድ ማዶ የሚታይ ሆነ።

"ባርኔጣ ላድርገው" አልኩ እኔ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ መፍትሔውም ከእኔ መምጣት አለበት ብዬ ነው። የእናቴን ኩል አመጣሁና የዘውዱን ሾጣጣዎች በጥቁር ሞላኋቸው፣ ከፊቱ አጭር ጥላ አወጣሁለት፣ ዳሩን አስተካከልኩለት። ሥዕል እንደምችል ራሴም አላውቅም ነበር። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ጠንከር ያለ ቆብ ሆነ። ከቆቡ ሥር የአንበሳው ወፍራም ጢም አለ።

"አንድ ሰው ይመስላል" አለች እናቴ።

ማንን እንደሚመስል ሦስታችንም አውቀነዋል፤ ማንም ግን ቀድሞ መናገር አልፈለገም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንዲህ ያለ ቆብ፣ እንዲህ ያለ ጢም አላቸው። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦላቸው ተኝተዋል።

"ቅድም ፊውዳል ነበር" አለ አባቴ በጣም ቀስ ብሎ። "አሁን ደግሞ በሊቀ መንበሩ መቀለጃ አደረግሽው። አጥቢው።"

ገና አጥቤው ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ።

በመተማ በቀትር በር የሚዘጋው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ ቤት ውስጥ አስከሬን አለ፣ ወይ ቤት ውስጥ ድንበር የተሻገረ ዕቃ አለ። ሁለቱም ደግሞ የጎረቤት ጉዳይ ናቸው። ያንኳኩት ጎረቤታችን እማማ ሙሉ ነበሩ።

"ማን ሞተ?" አሉ ከውጭ።

"ኧረ ማንም አልሞተም፣ እማማ" አለች እናቴ በሩን በጣት ያህል ከፍታ።

"ታዲያ ምን ገባ?"

እናቴ ውሸት አትችልም። ብትችል ኖሮ አጭር ትዋሽ ነበር። "እሱን አሞት ነው" አለች። "ወባ ነው። ብርሃን ጠላ። ተኝቷል።"

"ድሬሰሩን? መድኃኒቱ እሱ እጅ አይደለም እንዴ?" እማማ ሙሉ አሰቡበት። "እሱን ከጣለውማ እኛ ምን ልንሆን ነው። ቆይ፣ ለሊቀ መንበሩ ልንገር፤ መኪና ይፈልጉለት፣ ጎንደር ይወሰድ።"

"ኧረ ይተዉት፣ እማማ፣ ይሻለዋል…"

እማማ ሙሉ ግን ደግ ሴት ናቸው። ደግ ሰው ደግሞ አንዴ ከተነሳ በገመድ አይያዝም። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሲሄዱ ሰማናቸው።

አባቴ ተነሳ። ሄዶ አልጋው ላይ ወጣ። "ብርድ ልብስ አምጪ" አለኝ። አልጋው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ቤታችን ሳሎንና ጓዳ ብቻ ስለሆነ የታመመ ሰው ሁሉ ሳሎን ነው የሚታመመው። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቤ አለበስኩት። ወዲያው በላብ ራሰ። ለወባው ከዚህ የተሻለ ምስክር አልነበረም።

"ሳህኑን አልጋ ሥር አድርጊው" አለች እናቴ።

"ፍተሻ የሚጀመረው ከአልጋ ሥር ነው" አለ አባቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"ዱቄት ውስጥስ?"

"ከአልጋ ሥር ቀጥሎ ዱቄት ነው።"

"እንግዲያው ይሰበር።"

እናቴ ሳህኑን ከእጄ ወሰደች፤ ከፍ አደረገችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልተሰማም። ስገልጥ እንደያዘችው ቆማለች። "ሸክላ ሲሰበር ሰምቶ የማይመጣ ሰው በዚህ ሰፈር አለ?" አለች። እኔን አዝና ነው፤ አውቃለሁ። ድምፁን ሰበብ አደረገችው እንጂ።

በዚህ መሐል ከግቢው በር፣ "ቤቶች፣ ደህና ናችሁ?" የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ።

እናቴን በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጓዳ ገባች፤ የፉሉን ድስት ይዛ ወጣች፤ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ፉሉን ገለበጠችበት። የአንበሳው ጎፈሬ፣ ዘውዱ፣ በጓ፣ ቀበሮዋ፣ ሁሉም ከባቄላው ሥር ጠፉ። ከላይ የሰሊጥ ዘይት አፈሰሰችበት። ዳቦ ቆርሳ ጎኑ አስቀመጠች። ያየ ሰው ሁሉ፣ ቤተሰቡ ምሳ ሊበላ ነው ይላል። አምስት ደቂቃ ቀድመን ብናስበው ኖሮ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አናገኝም ነበር፤ ትንሽ ቆይተን ብናስበው ደግሞ ፈጽሞ አናደርገውም ነበር። ምክንያቱም ሦስታችንም የዘነጋነው ነገር ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ምግብ ላይ ከደረሰ፣ ያ ምግብ የእንግዳው ነው።

ሊቀ መንበሩ ገቡ። ቡትስ ጫማቸው፣ ቆባቸው፣ ጢማቸው፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ቆባቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ያዙና ወደ አልጋው ሄዱ።

"ምነው፣ ድሬሰር? አንተን ወባ ይድፈርህ?"

"ደፈረኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አለ አባቴ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ውሸት አልነበረም።

"ላቡን እዩት። ብርቱ ነው።" ዞር አሉና ጠረጴዛውን አዩ። ጠዋት ስብሰባ ላይ ቆይተው ምሳ ያልበሉ ሰው አተያይ ነበር። "ምግብ ላይ ደረስኩባችሁ" አሉ።

እናቴ አፏን ከፈተች። ምን ልትል ትችላለች? ለታመመ ነው እንዳትል በዘይት የታጠበ ፉል ለበሽተኛ አይሰጥም። አትብሉ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ከስድብ ይከፋል። "እንኳን ደረሱ" አለች። "ይቁረሱ።"

ተቀመጡ። ዳቦ ቆረሱ። ከዳር ጀመሩ።

ጤፍ እንጀራ ቢኖረን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። እንጀራ ከሥር ይነጠፋል፤ ማንም ሰው እንጀራውን ገልጦ ሳህኑን አያይም። ፉል ግን በዳቦ ነው የሚበላው፤ ዳቦ ደግሞ እንጀራ አይደለም፣ መጥረጊያ ነው። ሊቀ መንበሩ አንዴ ጠርገው ሲያነሱ የአህያዋ ኋላ እግር ወጣ።

"በሞቴ፣ ይጨመር" አለች እናቴና በማማሰያ አህያዋ ላይ ጨመረችባት።

"ኧረ በቃኝ…"

"በልጄ ሞት።"

በሉ። አሁን በዚህኛው በኩል ጠረጉ፤ ዝይዋ ከነአበባዋ ብቅ አለች። እናቴ ዝይዋን ቀበረቻት። ሊቀ መንበሩ ከወዲህ ሲመጡ እናቴ ከወዲያ ትሄዳለች፤ ዳቦውና ማማሰያው ይሳደዳሉ። የእናቴ ፊት ላብ በላብ ሆነ። እኔ ቆሜ ድስቱን አያለሁ። አባቴ በብርድ ልብሱ ጠርዝ በአንድ ዓይኑ ሳህኑን ያያል። "ይጨምሩ እንጂ፣ ጓድ ሊቀ መንበር" ይላል አልፎ አልፎ፤ በሽተኛ ሆኖ እንግዳ ሲያበረታታ ደስ ይላል።

"እንዲህ ያለ ደግ ቤት አይቼ አላውቅም" አሉ ሊቀ መንበሩ። ቀበቷቸውን ፈታ አደረጉ። እውነት ለመናገር አበላላቸው ያስቀናል፤ ከቸኮሉ ሰዎች አንዱ አይደሉም።

ከዚያ ማማሰያው የድስቱን ሥር ሲነካ ሰማሁ። እናቴ አየችኝ፤ አየኋት። ፉሉ አለቀ።

የአንበሳው አልጋ እግር ወጣ። ብርድ ልብሱ ወጣ። ጢሙ ወጣ። ጎፈሬው ወጣ። ሊቀ መንበሩ ሳያዩት አንድ ጉርሻ ከጎፈሬው ላይ አነሱና አፋቸው ከተቱ። ዘውዱ በዘይት ታጥቦ፣ በሎሚ ተወልውሎ፣ እንደ አዲስ አበራ።

ዳቦው አየር ላይ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ ማማሰያዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሊቀ መንበሩ የሚያዩት ደግሞ እኔን ነው፤ የቀረሁት እኔ ነኛ።

የሠርጉ ተረት አፌ ላይ መጣ፤ መለስኩት። ዘውድ የጫነ ሙሽራ፣ ሚዜ፣ ስጦታ፤ ይህ ተረት ሳይሆን የእስር ማዘዣ ነው። ሌላ ተረት የለኝም። ተረት ሞልቶ የሚፈስባት ልጅ በዚያች ሰዓት ባዶ ድስት ሆንኩ። ዓይኔ አልጋው ላይ ሄደ። አባቴ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቦለት ያልበዋል።

"አንበሳው…" አልኩ። "አንበሳው ታሟል።"

"ታሟል?"

"አዎ። አሞት ተኝቷል። እንስሳቱ ደግሞ… ሊጠይቁት መጥተዋል።"

ሊቀ መንበሩ ሳህኑ ላይ አጎነበሱ። ጢማቸው ፉሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። "ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ይሄንን አውቀዋለሁ። አብርሃ ጅራ እያለን እናቴ ነበረች የምትነግረን። ታሞ አይደለም። ታምሜያለሁ ብሎ ነው የተኛው። ማደን ሰለቸው፤ ሊጠይቁት የመጡትን አንድ በአንድ እየጠራ ይበላል። ቀበሮዋስ? ቀበሮ መኖር አለባት። የታለች?"

"እዚያ" አልኩ። የቀረችው የመጨረሻ ፉል ላይ አመለከትኩ።

ሊቀ መንበሩ ያላቸውን የመጨረሻ ዳቦ በጥንቃቄ፣ አባቴ ቁስል እንደሚጠርገው አድርገው ጠረጉባት። ቀበሮዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከእግሯ ሥር ያሉት፣ እኔ የፋብሪካው ቀለም የተፈናጠረባቸው መስለውኝ የተከራከርኩባቸው ነጥቦች፣ ወደ ዋሻው ተደርድረዋል።

"ይኸው" አሉና ጣታቸውን አሳረፉበት። "ዱካ ነው። 'ለምን አትገቢም?' ይላታል አንበሳው። 'ጌታዬ፣ የገባ ዱካ አያለሁ፤ የወጣ ዱካ ግን አላይም' ትለዋለች።" እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ዘውዱን አዩት። እኛም ዘውዱን ሲያዩ አየናቸው። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ስንት ታቦት እንደጠራች አላውቅም።

"እንዲህ ያለ አውሬ ዘውድ ባይጭን ነበር የሚገርመኝ" አሉ በመጨረሻ። "ፊውዳል ማለት ይሄው ነው። ተኝቶ ይበላል።" ይህን ሲሉ በመዳፋቸው ጢማቸውን ጠረጉ። "ምነው ይሄን የመሰለ ትምህርት ያለበት ነገር ምግብ ታቀርቡበታላችሁ? ስቀሉት እንጂ። ሰው ይየው።"

"እንሰቅለዋለን" አለች እናቴ።

"እንሰቅለዋለን" አለ አባቴ ከአልጋው፤ ከታመመ ሰው የማይጠበቅ ድምፅ ነበረው።

ሊቀ መንበሩ ዞሩ። አልጋውን አዩ። ሳህኑን አዩ። ብርድ ልብሱን እዚህም አዩት፣ እዚያም አዩት። "ታምሜያለሁ ብሎ ተኝቶ…" አሉ ቀስ ብለው፣ የሚነግረውን ተረት እንደረሳ ሰው።

"እኔ ተሽሎኛል" አለ አባቴ። ብርድ ልብሱን ገፎ ተቀመጠ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። "ፈጽሞ ተሽሎኛል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"አያለሁ" አሉ። ቆባቸውን ደፉ። ቆቡን ሲደፉ እናቴ ወደ እኔ እንዳታይ ግድግዳውን አየች፤ እኔም እንዳልስቅ ምላሴን ነከስኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። "እኔ መቼም ልጠይቅ ገብቼ፣ ጠግቤ ወጥቻለሁ። አንተ ግን ከሰዓት ከዋሻህ ውጣ፤ ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። እማማ ሙሉ መድኃኒት አልቋል ብለው ከተማውን አስጨንቀውታል።" ከዚያ ወደ እናቴ፣ "ያን ፉል የምትሠሪበት ቀን በሩን ዝጊው፤ እመጣለሁ" አሏት።

ሄዱ። የቡትሳቸው ድምፅ እስከ መንገዱ ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ። ከዚያ አባቴ ድስቱን አነሳና ውስጡን አየ። "ለእኛ ምንም አላስቀሩም" አለ። እናቴ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ስላላቆመ መሬት ተቀመጠች። እኔ ሳህኑን አጠብኩት። ተበልቶበት የታጠበ የመጀመሪያው የግድግዳ ሳህን እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሽቦውን አጥብቄ ከቦታው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። በዚያ ቀን ምሳችን ደረቅ ዳቦ በሻይ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም።

የሠርጉን ተረት ትቼዋለሁ። ከእኔ ተረት የሚሻል ተረት ስሰማ የምቀበል ሰው ነኝ፤ አልፎ አልፎ ይደርሳል። ለእትዬ ዘሃራ ሁሉንም ስነግራቸው ሻያቸው ትን ብሏቸው፣ "ያ ቢንት፣ ሁለተኛ ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ዛፍ እንጂ አንበሳ አላመጣልሽም" አሉ።

በዚያው ቀን አባቴ ወደ ክሊኒኩ ሊመለስ ጫማውን ካደረገ በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። በሩን በሰፊው ከፈተውና ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። እናቴ ደግሞ ምን መጣ ብላ ሮጣ ከኋላው ደረሰች፤ እኔም ከሥራቸው አንገቴን አሾለክሁ። ማንም የለም። አባቴ የሚያየው መሬቱን ነበር። እናቴ ቅድም ውሃ ረጭታ የጠረገችው ግቢ ላይ፣ እርጥቡን ሳይሳሱ ረግጠውት፣ የሊቀ መንበሩ ትልልቅ ቡትስ ዱካ ከመንገዱ እስከ በራችን ተደርድሯል።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ተከተለው።

"የወጣም አለ" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።